የዳንደላየን ፊሽካ

የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ቡናማ ሆነዋል። ቅድም ከዓይን ክሊኒኩ ደጅ ካለው ሣር ላይ አንድ ዳንደላየን የሚሉት ቢጫ የሜዳ አበባ ቀጥፌ ነበር፤ ሰው ስጠብቅ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ከአገዳው የወጣው ወተት ሲነካኝ ነጭ ነበር፣ ቆይቶ ተጣበቀ፣ አሁን ደግሞ ዝገት መስሏል። ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት። መራራ ነው፤ ጥሬ ጎመን በእጅ ሲታሽ የሚወጣውን ሽታ ይመስላል፣ ትንሽ የጎማ ሽታም አለበት። ይህን ሽታ ባሸተትኩ ቁጥር አስራ ሁለት ዓመት ይሆነኛል፤ ከዚያ አልበልጥም፣ አላንስም።

እናቴ ውስጥ ናት። ትናንት ከአንድ ዓይኗ ላይ የዓይን ሞራ አውጥተውላታል፤ ዛሬ ሽፋኑን ሊያነሱላት ነው። አብሬያት ልግባ ብል «አንቺ ከእኔ ብሰሽ ትፈሪያለሽ፤ ሲጠሩሽ ትመጫለሽ» ብላ አስቀረችኝ። እውነቷን ነው። የዓይን ነገር ሲነሳ ቆሌዬ ይገፈፋል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እስኪጠሩኝ ጊዜ አለኝ።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ፣ አስራ አራተኛው ላይ ነበር። ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ እኔና አምስት ዓመት የሆናት ታናሽ እህቴ። አባታችን ከእኛ ጋር አልነበረም፤ እሱ ሌላ ወሬ ስለሆነ ዛሬ አልነካውም። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ትውላለች፤ ስለዚህ ቅዳሜ እህቴ የእኔ ናት። ሕጋችን አጭር ነበር። ለማያውቁት ሰው በር አይከፈትም፣ ምድጃ አይነካም፣ ከሕንጻው ሣር አይታለፍም። አራተኛውን ሕግ ግን ከሌላ እናት አፍ ሰምቼው አላውቅም። ወተት ያለው ቅጠል አይነካም።

በግንቦት ሣሩ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። የሕንጻው ልጆች ዳንደላየኑን እየቀጠፉ አክሊል ይሠራሉ፣ አገጫቸው ላይ እያሹ ይሳሳቃሉ። እኛ አጠገባቸው ቆመን እናያለን። አንድ ቀን እህቴ አንዱን ቀጥፋ ለእናቴ ስትሰጣት እናቴ እጇን መትታ አስጣለቻት፤ ከዚያ ራሷ ደንግጣ ሳመቻት። «ቅንጭብ ዓይን ያጠፋል» አለችን። ቅንጭብ በእሷ አገር ለአጥር የሚተከል፣ ቅጠል አልባ፣ ቀጫጭን አረንጓዴ ጣቶች ብቻ ያሉት ዛፍ ነው፤ ሲሰብሩት ወተት ያፈስሳል። በመንደራቸው አንዲት ሕፃን ያ ወተት ዓይኗ ገብቶ አንድ ዓይኗ ጠፋ። የጡት ወተት ቶሎ ቢያገኙላት ትድን ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ የገበያ ቀን ሆነና የምታጠባ ሴት ሁሉ ገበያ ወጥታ ነበር። ታሪኩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። የልጅቱ ስም አይነሳም፤ እናቴም ወዲያው የሚታጠፍ ልብስ ወይም የሚለቀም ምስር ትፈልጋለች።

ታዲያ በዚያ ዓመት የሳይንስ መምህራችን ዳንደላየን አምጡ ብላ አረፈችው።

ይህች መምህር ከጫማዋ ጭቃ የማይጠፋ፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት ነበረች። አንድ ቢጫ ራስ ከፈለችና ከውስጡ ቀጭን ክር መዝዛ መዳፌ ላይ አኖረችው። «ዳንደላየን አንድ አበባ አይደለም፤ አንድ መንደር ሙሉ አበባ ነው» አለችን። እኛ የአበባ ቅጠል ነው የምንለው እያንዳንዱ ክር ለብቻው ሙሉ አበባ ነው፤ ጫፉ ላይ አምስት ደቃቅ ጥርሶች አሉት፣ ከሥሩ የራሱን አንድ ዘር ይዟል። መንደሩ ሁሉ ጠዋት አብሮ ይከፈታል፣ ሲመሽ አብሮ ይዘጋል። ቅጠሎቹ ከሥሩ አናት ተነስተው መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይተኛሉ። ከመሃላቸው የሚወጣው አገዳ ራቁቱን ነው፤ ጫፉ ላይ አንድ ራስ ብቻ ይሸከማል። «ቢጫ የሆነ ሁሉ ዳንደላየን አይደለም» አለች። «አገዳው ላይ ቅጠል ካለ አይደለም። ቅርንጫፍ ካለው አይደለም። ውስጡ ድፍን ከሆነ አይደለም።» ይህን ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

አብዛኛው ዳንደላየን ዘር የሚሠራው ያለ አባት መሆኑንም ነገረችን። እናቲቱ ብቻዋን ታፈራለች፣ ልጆቿም ቁርጥ እሷን ይመስላሉ። እጄን አውጥቼ «እኛም ቤት እንደዚያ ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳንደላየንን እንደ ዘመድ ማየት ጀመርኩ።

የቤት ሥራው አንድ ዳንደላየን ከደጃችን፣ አንድ ደግሞ ኑሮ ከሚከብድበት ቦታ ከነሥሩ ነቅለን ማወዳደር ነበር። «ለምሳሌ የሐይቁ ዳር» አለች መምህሯ። «አሸዋው ላይ የሚበቅለውን ብታዩት ያው ተክል ነው ብላችሁ አታምኑም።» እኔ ደግሞ ሌላው ሁሉ የመኪና ማቆሚያ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለውን ነቅሎ ሲመጣ፣ እውነተኛውን የሐይቅ ዳር ዳንደላየን ይዤ ልገባ ፈለግሁ። እንዲያው ለአንድ ቀን እንኳ አንደኛ መሆን አማረኝ።

ቅዳሜ እናቴ እንደወጣች ለአራተኛው ሕግ ብልሃት አበጀሁ። የወጥ ቤቷን ቢጫ ጓንት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ወተቱን እኔ አልነካውም፤ ጓንቱ ነው የሚነካው። የሣሩን ሕግ በተመለከተ ግን ብልሃት አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ አፈረስኩት። ከቤት የያዝኩት አንድ ጥንድ ጓንት፣ አንድ ማንኪያና አንዲት እህት ነበር። ጓንቱ ለእኔ ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በአውቶቡስ እስከ ሰብዌይ ባቡሩ፣ ከሰብዌይ ወርደን ደግሞ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሌላ አውቶቡስ ሄድን። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችንን መታን፤ የዓሣ፣ የእርጥብ እንጨትና የፀሐይ ክሬም ሽታ ነበረው። ብርሃኑ ከውሃው እየነጠረ ዓይን ያጭበረብራል።

«ኦሽን ነው?» አለችኝ እህቴ።

«አዎ» አልኳት። ውቅያኖስ ሳይሆን ሐይቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሁለት አውቶቡስ ለተሳፈረ ልጅ ሐይቅ ያነሰ መሰለኝ።

መምህሯ እውነቷን ነበር። ደጃችን ያለው ዳንደላየን ጠግቦ ያደገ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ አገዳው እስከ ጉልበቴ የሚደርስ። አሸዋው ላይ ያገኘሁት ግን መሬቱን ሙጭጭ ብሎ ይዟል። ቅጠሎቹ ቀጭንና በጥልቅ የተቦረቦሩ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው። ነፋስ እንዳይሰብረው አገዳውን አሳጥሮታል፤ ቢጫው ራስ ቅጠሎቹ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ጓንቴን አድርጌ በማንኪያዬ ሥሩን መቆፈር ጀመርኩ። ሥሩ አያልቅም። አሸዋው እላዩ ላይ እየተናደብኝ፣ እጄ እስከ ክርኔ ገብቶ፣ ሥሩ አሁንም ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ስንዝር የማትሞላ ነገር ከታች ውሃ ፍለጋ ያን ያህል መጓዟ ገረመኝ። ትዝ ይለኛል፣ አንድ የማላውቃት ወፍ ከኋላዬ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ድምፅ እያሰማች ትጮህ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየኋትም። ሥሩ ከመሃል እንዳይበጠስብኝ ነበር ያኔ ጭንቀቴ ሁሉ።

ከዚያ እህቴ ጮኸች። ስደነግጥ ሥሩ ከመሃል ተበጠሰ፤ ተክሉን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ወደ እሷ ሮጥኩ።

ከአሸዋው ክምር ጀርባ ቁጭ ብላ አንድ ዓይኗን በሁለት እጇ ጨፍናለች። «ኢት በርንስ! ኢት በርንስ!» ትላለች፤ ያቃጥላል ማለቷ ነው። እጇን በግድ አላቅቄ ሳየው ዓይኗ ቀልቷል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ጣቶቿ በነጭ ወተት ተጣብቀዋል። ዙሪያዋ ሁሉ ቢጫ ነው። ግን ዳንደላየን ብቻ አልነበረም። ከዳንደላየኑ ጋር ተደባልቆ ሌላ ቢጫ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል፤ አገዳው ቀጥ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች ደቃቅ ቅጠል የለበሰ። በጓንቴ አንዱን ሰበርኩት። ነጭ ወተት ወጣ።

 ከየትኛው እንደቀጠፈች ብጠይቃት ልቅሶዋ ይብሳል። በውሃ ማጠብ እንኳ ትዝ አላለኝም። ሐይቅ የሚያህል ውሃ ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ እኔ ያሰብኩት የእናቴን ቅንጭብ ብቻ ነው። እህቴን ይዤ ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ።

የመልሱን መንገድ ያህል የረዘመ መንገድ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እህቴ ጭኔ ላይ ተኝታ ትነፋረቃለች፣ እኔ በሹራቤ ጫፍ እንባዋን እጠርጋለሁ። አንዲት አሮጊት ከፊታችን ተቀምጠው አተኩረው አዩን፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ለእናቴ ምን እንደምል በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር። መጀመሪያ ኳስ መታት ልል አሰብኩ። ቀጥሎ ከሣሩ ላይ ብቻዋን ቀጠፈች ልል አሰብኩ። ለአምስት ዓመት ሕፃን ጥፋቱን ላሸክማት! እንደዚያ ማሰቤን እህቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሊፍት ውስጥ ስንገባ እጄ ወደ አስራ አራት ሄዶ ተመለሰ። አስራ አንድን ተጫንኩ። የእናቴ ታሪክ አንድ መድኃኒት አስተምሮኝ ነበር፤ የጡት ወተት። አስራ አንደኛው ላይ ደግሞ አራሷ ነበረች።

አራሷ የወሎ ሴት ነበረች፤ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ባሏ ታክሲ የሚነዳ። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች አምስት ሳምንቷ ነበር። እናቴ ገንፎ ይዛ ልትጠይቃት ስትወርድ አብሬያት ሄጄ ስለነበር ቤቱን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ጨምራለች፣ የበኩር ልጇም ዛሬ ጢም አውጥቷል፤ እኛ ቤት ግን እስካሁን ስሟ አራሷ ነው።

በሩን ስትከፍት የቅቤና የሕፃን ዱቄት ሽታ አብሮ ወጣ። ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል።

«የጡት ወተት ስጪኝ» አልኳት። ሰላም እንኳ አላልኩም።

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ?» ልትስቅ ነበር። ከዚያ እህቴን አየችና ሕፃኑን ሶፋው ላይ አስተኛችው። ነገሩን በተቆራረጠ አማርኛ ስነግራት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ቅንጭብ የሚለውን ስትሰማ ብቻ ፊቷ አመድ መሰለ፤ እሷም አገር ቅንጭብ አለ። እህቴን ጭኗ ላይ አጋድማ ጡቷን ዓይኗ ላይ አለበችላት። እህቴ ልቅሶዋን አቁማ «ምንድን ነው?» አለች፤ ምን እንደሆነ ስነግራት «ያክ!» ብላ እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ የማውቀው ይኼን ነው» አለች አራሷ። «አሁን ደሞ እነሱ የሚያውቁትን እንጠይቅ።» ፍሪጇ ላይ ስትወልድ ከሆስፒታል የሰጧት አንድ ማግኔት ተለጥፏል፤ ልጅ መርዝ ሲነካ የሚደወልበት ቁጥር አለበት። «እኔ እንግሊዝኛው አይሆንልኝም። አንቺ ኮል አድርጊና አውሪ።»

የመለሰችልኝ ሴት ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ ትልቅ ሰው አብሮኝ እንዳለ ጠየቀችኝ። ቀጥላ «ተክሉ ምን ነበር?» አለች። ዳንደላየን ይሁን ሌላው እንደማላውቅ ነገርኳት። የሌላውንም መልክ ገለጽኩላት።  እንዲያ ያለ ተክል እንዳለ፣ ወተቱም ዓይንን ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል ነገረችኝ። የዚያ ተክልና የቅንጭብ ቤተሰብ አንድ መሆኑን ኋላ አድጌ ነው ያነበብኩት፤ የእናቴ ቅንጭብ ዘመድ ካናዳ ድረስ መጥቷል። «እህትሽ የያዘችው ነገር አለ? እጇ ላይ፣ ኪሷ ውስጥ?»

ኪሷን ገለበጥኩት። ጠጠር፣ ሰማያዊ የጠርሙስ ስባሪ፣ የሐይቅ ወፍ ላባ። ሌላ የለም። የአንድ እጇ ጡጫ ግን ከሐይቁ ጀምሮ እንደተጨበጠ ነበር። «ክፈችው» ብላት ወደ ደረቷ ደበቀችው።

«የእኔ ነው» አለች።

«አሳዪኝ፣ አልቀማሽም።»

«ትጥይዋለሽ።»

«ወላሂ አትጥለውም» አለች አራሷ፤ «እኔ ዋስ።»

እህቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ አራሷን አየች። ከዚያ ጡጫዋን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ማናችንም ሳንደርስባት ነፋች። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ወጣ። ያቺ ሐይቁ ዳር ከኋላዬ ስትጮህ የነበረችው ወፍ!

«ፊሽካዬ ነው» አለች እህቴ። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ አሠራሩን አሳይቷት ኖሯል። የዳንደላየን አገዳ ቆርጣ፣ ጫፉን ቆንጥጣ፣ ስትነፋው ኖሯል፤ ወተቱ ጣቷን ሲያጣብቃት ዓይኗን አሸች።

ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት «ይህ ምን ድምፅ ነው?» አለች።

«ፊሽካ» አልኳት። ከዚያ ነው የገባኝ። ድፍን አገዳ አይነፋም። ደብተሬ ላይ በቀይ ያሰመርኩበት እየጮኸ ነበር። አገዳውን ተቀብዬ አየሁት፤ ውስጡ ባዶ፣ ላዩ ለስላሳ፣ አንድም ቅጠል የለበት፣ ቅርንጫፍ የለው። ሁሉንም በየተራ ለሴትዮዋ ነገርኳት። ከሌላውስ ነክተሽ ነበር ብዬ እህቴን ጠየቅኋት።

«ኖ! ያኛው አይነፋም» አለች፤ ለካ እሱንም ሞክራው ኖሮ፣ ስትሰብረው ድፍን ሲሆንባት መጀመሪያውኑ ጥላዋለች። እንደገና ደነገጥኩ። «መቼ? ዓይንሽን ከማሸትሽ በፊት ነው በኋላ?»

«ፈርስት። ከዚያ እጄን ውሃው ውስጥ ታጠብኩ። ስቲኪ ነበራ!»

አምስት ዓመት የሆናት ልጅ፣ ጓንት ያላደረግኩላት፣ ከእኔ ቀድማ በሐይቁ ታጥባ ኖሯል። ለሴትዮዋ ስነግራት ሳቀች፤ እኔም ያኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ዓይኗን ለብ ባለ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል እጠቡላት፣ ዳንደላየኑ ቢያቃጥል እንጂ ዓይን አያጠፋም፣ ቅላቱ ካልቀነሰ ወይም ማየት ካስቸገራት ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት አለችኝ። «ሌላ ዓይኗ ውስጥ የጨመራችሁት ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ ወደ አራሷ ዞርኩ።

አራሷ ጥያቄው ባይገባትም ዓይኔን አይታ ገባት። «ስለ ወተቱ እንዳትነግሪያት» አለችኝ በሹክሹክታ። ነገርኳት። በዚያ ቀን መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር። ሴትዮዋ አሁንም ሳቀችና «እሱንም እጠቡት» አለች።

አጠብናት። ሩብ ሰዓት ለምትቅበጠበጥ ልጅ ስንት መሰላችሁ። አራሷ እየደጋገመች «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትላለች፤ እህቴን ትበል እኔን አላወቅኩም። ቅላቱ እየሳሳ፣ ነጩ እየነጣ መጣ። እህቴ በሁለት ዓይኗ አየችኝና «ራበኝ» አለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አራሷ የራሷን ገንፎ አቀረበችላትና ጥርግ አድርጋ በላችው፤ ዛሬ ስለዚያ ቀን የምታስታውሰው ነገር ቢኖር ገንፎውን ብቻ ነው።

እናቴ ስትመጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ከበሩ ሳትርቅ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አውቶቡሱን፣ ጓንቱን፣ ወተቱን፣ አራሷን። እጠብቅ የነበረው ጩኸት ነው፤ ቢያንስ ጥፊ። እናቴ ግን እህቴን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ደህናውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችና «ታች ምን ይታይሻል?» አለቻት።

«ባስ» አለች እህቴ። «ቀይ ኮት ያደረገ ሰው። ዶግ። ዶጉ ሺንቱን እየሸና።»

እናቴ እዚያው መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ፈራሁ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ያቺ ዓይኗ የጠፋው ሕፃን እህቴ ናት» አለችኝ። «ቅንጭቡን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ነው። እሷ ስምንት ዓመቷ፣ እህቷ አራት። ቅንጭቡ ላማቸው ነበር። «ላሚቱን ልለብልሽ ብዬ ሰበርኩት፤ ተረጨባት። ማን ሰበረው ሲሉኝ ጥጃው ነው አልኩ። ሁሉም አመኑኝ። ጥጃውን ሸጡት።» በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። «አንቺ እንኳ ተናገርሽ።» ከዚያ እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው፤ እንደፈራሁት ሳይሆን፣ አንድ ነገር እንደተመለሰለት ሰው ነበር የምታየኝ።

በማግስቱ እሑድ የስልክ ካርድ ገዝታ አገር ቤት ለእህቷ ደወለች። ያኔ በሩቅ ስልክ ሁሉም ስለሚጮህ የአክስቴን ድምፅ ሶፋው ላይ ሆኜ እሰማው ነበር። እናቴ ሰላምታውን ሳትጨርስ ነገረቻት፤ ቅንጭቡን፣ ጥጃውን።  

«አውቃለሁ እኮ» አለች አክስቴ። «ያ ዓይኔ መጨረሻ ያየው ያንቺን እጅ ነው።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺው እስክትነግሪኝ ነዋ።» ቀጥላም «እኔ ይልቅ ጥጃው ነው የሚያሳዝነኝ» አለች። ሁለቱም ሳቁ። እናቴ እየሳቀች እንባዋ በአገጯ ሲወርድ አየሁት፤ ከዚያ ቀን በኋላ በየእሑዱ ትደውልላት ነበር። አራተኛው ሕግም ያለ አዋጅ ቀረ። በሚቀጥለው ግንቦት እህቴ አክሊል ሠራች፣ እናቴም አደረገችው። ሁለቱን ዳንደላየኖች ወረቀት ላይ አጣብቄ ትምህርት ቤት ወሰድኳቸው፤ የሐይቁ ዳንደላየን ሥር ከመሃል ተበጥሶ ስለነበር አንደኛ አልወጣሁም።

አክስቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እናቴ አሁንም እሑድ እሑድ ስልኩን አንስታ ታይና ታስቀምጠዋለች። እህቴ ኤድመንተን ናት፤ አሁን በዚህች ደቂቃ እንኳ «ተነሳላት?» የሚል መልእክት ሦስት ጊዜ ልካልኛለች።

ስሜን ጠሩ።

ክፍሉ ውስጥ መጋረጃው በከፊል ተዘግቷል። ሽፋኑ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እናቴ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ዓይኗን ጨፍናለች። «ቀስ ብላ ትክፈተው» አለኝ ሐኪሙ፤ ለእናቴ ነገርኳት። እስካሁን ያልከፈተችው እኔን ስትጠብቅ ኖሯል። ከፈተች። ሽፋሽፍቷን ሁለት ጊዜ አርገበገበች፣ ወደ ጣሪያው አየች፣ ወደ መስኮቱ አየች። ከዚያ ወንበሩ ክንድ ላይ ያስደገፍኩትን እጄን ይዛ ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«ይኼ ጣትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ዳንደላየን» አልኳት።

አውራ ጣቴን በጣቷ አሸችው፣ አልለቀቀላትም። «ሂጂ ታጠቢና ነይ» አለችኝ። «ነይና ደግሜ ልየው።»

በኮሪደሩ ጫፍ ባለው መታጠቢያ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። የዳንደላየን እድፍ ግን በአንድ ቀን አይለቅም። እንዲያው እንደ ቡናማነቱ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ እጄን ይዤላት ተመለስኩ።